መለኪያው ምን ይለካል? የአረቄ ጥራት አዳኛችን ሲተች

አራዳ ገበያ አካባቢ አንድ ሰው ገብቶ "አንድ መለኪያ" ቢል ምን እንዳዘዘ ለጎንደር ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም። አረቄ የሚቀዳባት ትንሿ ብርጭቆ ስሟ መለኪያ ነው። ስሟ ግን ትንሽ ያታልላል። የምትለካው መጠኑን ብቻ ነው። ውስጧ ያለው አረቄ ስንት ከመቶ አልኮል እንዳለው፣ ከምን እህል እንደወጣ፣ ማን እንዳወጣው፣ መንገድ ላይ ምን እንደተጨመረበት አትናገርም።

ታዲያ ጥሩውን አረቄ ከመጥፎው የምንለየው በምንድን ነው? "ጉሮሮ ያቃጥላል"፣ "እሳት ይይዛል"፣ "ዳግም ነው" እንላለን። እነዚህን ሦስት መመዘኛዎች ዛሬ አንድ በአንድ ልተቻቸው ነው። ሦስቱም ስለ ጥንካሬ የሆነ ነገር ይነግሩናል፤ ስለ ጥራትም ሆነ ስለ ደኅንነት ግን የሚነግሩን ከምናስበው እጅግ ያነሰ ነው። በዚህ የተነሳ ጎበዝ አረቄ አውጪ ስሟንና ዋጋዋን ታጣለች፤ ጠጪው ደሞ ክፉ ቀን ከመጣ ዓይኑን ሊያጣ ይችላል።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልበል። ይሄ የመጠጥ ግብዣ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። የማትጠጡም ብትሆኑ ግን ክርክሩን ለመከተል ምንም አይጎድላችሁም፤ የሚያስፈልገው ትንሽ ኬሚስትሪና ትንሽ ፊዚክስ ብቻ ነው።

ቦርቦን የሚከበረው ስለሚያቃጥል ነው?

በዓለም ላይ ሰዎች እየተፈላለጉ ከሚገዟቸው መጠጦች አንዱ የአሜሪካው ቦርቦን ውስኪ ነው። አንዳንዱን ጠርሙስ ለማግኘት ሰልፍ የሚይዙ፣ ዕጣ የሚጠብቁ አሉ። መነሻው ግን ከአረቄ ብዙም አይርቅም፤ እህል ይፈላል፣ ይብላላል፣ ተኑ ይቀዘቅዛል። ዋናው እህሉ በቆሎ ነው፤ የእኛም ብዙ አረቄ በቆሎ ይገባበታል።

ልዩነቱ ያለው በተጻፈው ሕግ ላይ ነው። ቦርቦን ለመባል ከእህሉ ቢያንስ 51 ከመቶው በቆሎ መሆን አለበት። የሚቀመጠው ውስጡ በእሳት በከሰለ አዲስ የኦክ እቃ ውስጥ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በርሜል ማለት ነው። ሲታሸግ ከ40 ከመቶ አልኮል ማነስ የለበትም። እስቲ ቀጣዩን ልብ በሉት፦ ሲወጣ ከ80 ከመቶ መብለጥ አይችልም፤ ወደ በርሜሉ ሲገባ ደሞ ከ62.5 ከመቶ መብለጥ አይችልም።

አያችሁ? ሕጉ ጥንካሬን ከላይ ገደበው። ምክንያቱ ቀላል ነው። አልኮሉ ይበልጥ በጠራ ቁጥር ከእህሉና ከእርሾው የመጣው ጣዕም አብሮ ይወገዳል። 95 ከመቶ ላይ ስትደርሱ በቆሎ ይሁን ሸንኮራ አገዳ መለየት ያቅታችኋል። ቦርቦን ወዳዱ የሚከፍለው ለዚያ "ቆሻሻ" ለሚመስለው ጥቂት ነገር ነው፤ የእህል፣ የእርሾና የእንጨት ቃና።

እነዚህ ሕጎች ከሰማይ አልወረዱም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ርካሽ አልኮልን በቀለምና በማጣፈጫ አሮጌ ውስኪ አስመስሎ መሸጥ የተለመደ ነበር። በ1897 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ አንድ የክብር ምልክት ፈጠረ። ምልክቱን ለማግኘት ውስኪው የአንድ ፋብሪካ፣ የአንድ የምርት ወቅት፣ በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ቢያንስ 4 ዓመት የቆየና 50 ከመቶ አልኮል ያለው መሆን ነበረበት። ጠርሙሱ ላይ ከየት እንደመጣ ተጻፈ። ገዢው ማንን ማመስገን፣ ማንን መክሰስ እንዳለበት አወቀ ማለት ነው።

ድፍድፉ ውስጥ ያለው እውቀት

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። የጌሾ ቅጠል ደርቆ ይወቀጣል፤ ከብቅልና ከውሃ ጋር ይጠነሰሳል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ከዳጉሳ፣ ከበቆሎ፣ ከማሽላ ወይም ከገብስ የተጋገረ ቂጣ ተቆራርሶ ይጨመርበታል። ድፍድፉ ሲደርስ ማሰሮ ውስጥ ገብቶ እሳት ላይ ይጣዳል፤ አፉ ይመረጋል፤ ተኑ በሸምበቆ ወይም በቀርከሃ ቧንቧ አልፎ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ውስጥ ይንጠባጠባል።

በኢንጂነሪንግ ዓይን ስታዩት እያንዳንዱ እርምጃ ሥራ አለው። ብቅሉ ስታርችን ወደ ስኳር የሚቆርጡ ኢንዛይሞች ይዟል። እርሾ ስኳሩን ይበላና አልኮል ይሰጣል። ቂጣው ሲጋገር ስታርቹ ለኢንዛይሙ ይለሰልሳል፤ ከላይ ሲጠበስ ደሞ የዳቦ ቅርፊት ሽታ ይፈጠራል። የጌሾ መራራነት ወደ ተን ስለማይለወጥ ማሰሮው ውስጥ ይቀራል። አረቄ እንደ ጠላ የማይመረው ለዚህ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚገርመኝ የሙቀቱ ነገር ነው። መጽሐፍ ብትከፍቱ ውሃ በ100፣ ኢታኖል (የምንጠጣው አልኮል) በ78 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይፈላል ይላል። ይህ በባሕር ጠለል ላይ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ ውሃ በ93፣ ኢታኖል በ72 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ደባርቅ ላይ ደሞ ውሃው ወደ 90 ይጠጋል። እና ከኢንተርኔት የሙቀት ቁጥር ቀድቶ ጎንደር ላይ ሊሠራ የሚሞክር ሰው ይሳሳታል። እሳቱን በጠብታው ፍጥነትና በሽታው የምታስተካክለው እናት ግን አትሳሳትም፤ የምትከተለው ያለችበትን ከፍታ ነውና። እሳቱ ከበዛ ወፍራሙ ድፍድፍ ከማሰሮው ሥር ያርርና የማረር ሽታው ከተኑ ጋር ይወጣል።

ስለዚህ ትችቴ አረቄ አውጪዎቹ ላይ አይደለም። እነሱ የሚያውቁት እኛ ከምንጠይቃቸው በላይ ነው። ችግሩ ገዢው የሚጠይቀው ጥያቄ ነው።

መመዘኛ አንድ፦ "ያቃጥላል"

አረቄ ጉሮሮ የሚያቃጥለው ትኩስ ስለሆነ አይደለም። አፋችንና ጉሯችን ውስጥ ሙቀት የሚያውቅ የነርቭ መቀበያ አለ። በተለመደው ጊዜ ይህ መቀበያ "ተቃጠልኩ" ብሎ የሚጮኸው ከ42 ዲግሪ አካባቢ በላይ ሲሆን ነው። ኢታኖል ግን ይህን መነሻ ወደ 34 ዲግሪ ገደማ ያወርደዋል። ሰውነታችን ደሞ 37 ነው። በገዛ ሰውነታችን ሙቀት ተቃጠልን ማለት ነው! ሚጥሚጣ የሚነካውም ያንኑ መቀበያ ነው።

እንግዲህ ማቃጠሉ አልኮል መኖሩን ይነግራችኋል። ጥሩ መሆኑን ግን አይነግራችሁም። በጥንቃቄ የወጣ 45 ከመቶ አረቄ ለስለስ ብሎ ሊወርድ፣ በግዴለሽነት የወጣ 35 ከመቶ ደሞ ሊቧጥጥ ይችላል። መጀመሪያ የሚንጠባጠበው ፈሳሽ እንደ አሴታልዲሃይድና ኤቲል አሴቴት ያሉ ቶሎ የሚተኑ ነገሮች ይበዙበታል፤ ኤቲል አሴቴት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚሸተውን ዓይነት ሽታ ይሰጣል። መጨረሻ ላይ የሚወጣው ደሞ ውሃ የበዛበትና ከባድ፣ ቅባታም ሽታ ያለው ነው። ጎበዝ አውጪ መካከሉን ትለያለች። ጉሮሮ ማቃጠልን ብቻ የሚያደንቅ ገዢ ግን ይህን ልፋቷን አይከፍልበትም፤ እንዲያውም ያልለየችውን ሊመርጥ ይችላል።

መመዘኛ ሁለት፦ "እሳት ይይዛል"

ክብሪት ጭሮ ማየት ደስ ይላል፤ ሳይንስም ይመስላል። ድሮ የእንግሊዝ መርከበኞች ባሩድን በመጠጥ አርሰው ያቀጣጥሉ ነበር ይባላል፤ በዚህ ዓይነት ፈተና ባሩዱ የሚነደው አልኮሉ ወደ 57 ከመቶ ሲደርስ ነው። ችግሩ እሳቱ በጥንካሬ ብቻ ሳይሆን በሙቀትም የሚወሰን መሆኑ ነው። 40 ከመቶ አልኮል ያለው መጠጥ ተኑ ለመቀጣጠል የሚበቃው ወደ 26 ዲግሪ ሲሞቅ ነው። ያው አረቄ ደባርቅ ላይ በብርዱ ጧት እምቢ ሊል፣ ምድጃ ባለበት ቤት ግን ሊነድ ይችላል። አረቄው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ቤቱ ነው።

የባሰው ገና ነው። ሜታኖል የሚባለው መርዘኛ አልኮልም ይነዳል። ነበልባሉም ሰማያዊ ነው፤ በቀን ብርሃን እንኳ ለማየት ያስቸግራል። "ሰማያዊ ከነደደ ንጹሕ ነው" የሚለው አባባል እንግዲህ መርዙንም ንጹሕ ይለዋል። በዚያ ላይ ክብሪቱና ጀሪካኑ ጎን ለጎን ሲሆኑ የሚመጣውን አደጋ ለእናንተ ልተወው።

መመዘኛ ሦስት፦ "ዳግም ነው"

ተራ አረቄ አንዴ የወጣ ነው፤ ዳግም አረቄ ስሙ እንደሚለው እንደገና የወጣ። ይህ ስም ከሌሎቹ የተሻለ መረጃ አለው፤ ምክንያቱም ስለ አሠራሩ ይናገራል። ወደ 8 ከመቶ አልኮል ያለው ድፍድፍ ሲፈላ የመጀመሪያው ተን በግምት ከ45 ከመቶ በላይ አልኮል ይይዛል፤ እየቆየ ግን ይወርዳል። ሁሉም ተጠራቅሞ ተራው በ30ዎቹ ውስጥ ይሆናል። እሱ እንደገና ሲወጣ ዳግሙ ወደ 45 ከመቶ እና ከዚያም በላይ ይደርሳል።

ግን ዳግም የሂደት ስም እንጂ የማዕረግ ስም አይደለም። ያረረ ወይም የመጀመሪያው ጠብታ ያልተለየለት ተራ አረቄ ዳግም ስለሆነ ጨዋ አይሆንም፤ ሽታው ከአልኮሉ ጋር ሊከተለው ይችላል። በሌላ በኩል ከጥሩ ድፍድፍ በቀስታ የወጣ ተራ አረቄ የዳጉሳውን ወይም የገብሱን ቃና ይበልጥ ይዞ ይቀራል። እኔ በግሌ ጥሩ አረቄ የምለው ሲሸተት መጀመሪያ እህሉን፣ ቀጥሎ የተጠበሰ ቂጣ የሚመስል ነገር የሚያስታውሰውን ነው። አፍንጫ የሚወጋ ነገር ቀድሞ ከመጣ ስንት ጊዜ እንደወጣ ብትነግሩኝም አልደነቅም።

አንዳንዶች ደሞ አረቄን "ቀለም የለውም፣ አልቆየም" ብለው ከውስኪ ጋር እያወዳደሩ ይንቁታል። ይሄ ፍርድ ልክ አይደለም። የውስኪ ቀለምና የቫኒላ ሽታ የሚመጡት ከኦክ እንጨቱ ነው። ቦርቦንም ከማሰሮው ሲወጣ እንደ ውሃ የጠራ ነው። አረቄ እንጨት ስለማይጋርደው እህሉና እጁ በቀጥታ ይታያሉ። መመዘን ያለበትም በዚያ ነው።

ሚዛን ምን ይላል?

ጥንካሬን ማወቅ ከፈለጋችሁ እሳትም ጉሮሮም አያስፈልግም። አልኮል ከውሃ ይቀላል። በ20 ዲግሪ ላይ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ 99.8 ግራም ይመዝናል። 30 ከመቶ አልኮል ያለው 96.2፣ 40 ከመቶ 94.8፣ 50 ከመቶ ደሞ 93.0 ግራም። መጠኑን በትክክል የሚለካ ዕቃና አንድ አሥረኛ ግራም የሚለይ ሚዛን ካለ ነገሩ አለቀ። ስኳር ከተጨመረበት ግን ቁጥሩ ይዛባል። ሃይድሮሜትር የሚባለው ተንሳፋፊ መሣሪያም የሚሠራው በዚሁ መርህ ነው። ዋጋውም ውድ አይደለም።

የሃይድሮሜትር ትልቁ ጥቅም ውሃን ይፋ ማውጣቱ ነው። ልብ በሉ፣ አረቄ ላይ ውሃ መጨመር በራሱ ወንጀል አይደለም። በ2017 እ.ኤ.አ. ሁለት የስዊድን ተመራማሪዎች በኮምፒውተር ቀመር እንዳሳዩት ውስኪ በውሃ ሲቀጥን አንዳንድ የሽታ ሞለኪውሎች ወደ ፈሳሹ ላይኛው ገጽ ይመጣሉ፤ ሽታው ይከፈታል ማለት ነው። የሚያስከፋው ገዢው ሳያውቅ መቅጠኑ ነው።

ሚዛንም ግን ገደብ አለው። የኢታኖል ጥግግት 0.789፣ የሜታኖል 0.791 ነው። ሊለዩ የማይችሉ መንትያዎች! ሜታኖል ያለበትን አረቄ ሚዛኑም ሃይድሮሜትሩም "ደኅና ነው" ይሉታል። እሱን አስተማማኝ በሆነ መንገድ የሚለየው እንደ ጋዝ ክሮማቶግራፊ ያለ የላብራቶሪ መሣሪያ ነው።

ዋናው አደጋ ከማሰሮው ነው?

ብዙ ሰው ሜታኖል የሚመጣው ከአገር ቤት አወጣጥ ይመስለዋል። ሜታኖል በዋናነት የሚፈጠረው ፔክቲን ከሚባለው የዕፅዋት ንጥረ ነገር ነው፤ እሱ ደሞ በፍራፍሬ እንጂ በእህል ውስጥ አይበዛም። ከእህል የሚወጣ መጠጥ ጥቂት ሜታኖል ሊኖረው ይችላል፤ በጅምላ ሰው የሚገድለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሆን ተብሎ ወይም በስህተት የተቀላቀለ የኢንዱስትሪ ሜታኖል ነው። ጉበት ሜታኖልን ወደ ፎርሚክ አሲድ ይለውጠዋል፤ አሲዱም የዓይንን ነርቭ ይጎዳል። 10 ሚሊ ሊትር ያህሉ እንኳ ለዓይነ ስውርነት ሊያበቃ ይችላል። እይታ መደብዘዝ፣ ማስታወክና የሆድ ሕመም ከታየ ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው፤ መድኃኒት አለው፤ ጊዜ ግን አይሰጥም።

ይህ የድሃ አገር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2012 እ.ኤ.አ. ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ሜታኖል የተቀላቀለባቸው መጠጦች ከ40 በላይ ሰው ገደሉ። መንግሥት ከ20 ከመቶ በላይ አልኮል ያላቸውን መጠጦች ሽያጭ ለጊዜው አገደ። እዚያ እንኳ ጠርሙስ፣ ምልክትና መዝገብ ስለነበረ መርማሪዎች ምንጩን መከታተል ቻሉ።

እኛ ዘንድስ? የአሥር ቤት አረቄ በአንድ ጀሪካን ተቀላቅሎ ገበያ ሲደርስ፣ አንዱ የተበላሸ እንደሆነ ማንን ትጠይቃላችሁ? ጀሪካኑስ ቀድሞ ምን ይዞ ነበር? እዚያው ጎንደር ከተማ የሚመረተው ዳሸን ቢራ ጠርሙሱ ላይ የአልኮል መጠኑንና የሚያበቃበትን ቀን ይዞ ይወጣል። ከቢራው ብዙ እጥፍ የሚጠነክረው አረቄ ግን ስም እንኳ የለውም።

ስም ማጣት የሚያስከፍለው

ይህ የደኅንነት ብቻ ሳይሆን የፍትሕም ጉዳይ ነው። አረቄ የሚያወጡት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። አንድ ሊትር 40 ከመቶ አረቄ ለማውጣት ምን ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅ ላስላላችሁ። ወደ 6 ሊትር ድፍድፍ ማሞቅ 1.8 ሜጋ ጁል፣ ተን ማድረግ ሌላ 1.6 ሜጋ ጁል ይፈልጋል፤ በድምሩ 3.4። ሦስት ጉልቻ ከእንጨቱ ሙቀት ለማሰሮው የሚያደርሰው 12 ከመቶ ያህሉን ነው ብንል፣ ወደ 2 ኪሎ ደረቅ እንጨት ነደደ ማለት ነው። ተኑን ለማቀዝቀዝ ደሞ፣ ውሃው በ20 ዲግሪ እንዲሞቅ ከተፈቀደ፣ ወደ 20 ሊትር ውሃ ያስፈልጋል። ይህ የአንድ ሊትር ሂሳብ ነው፤ ለዳግም ከዚህም ይጨምራል። ጭሱ በሂሳቡ ውስጥ የለም።

እንዲህ ለፍታ መካከሉን ለይታ ያወጣችው አረቄ፣ ካረረው ጋር በአንድ ጀሪካን ገብቶ በአንድ ዋጋ ይሸጣል። እንግዲህ ነገ ለምን ትጠንቀቅ?

"ሕግ ይምጣ ብትል መጀመሪያ የሚያፍነው እነዚሁን ሴቶች ነው" የሚል ካለ ልክ ነው፤ ተቃውሞው ከባድ ነው። የሜክሲኮ መዝካል በ1994 እ.ኤ.አ. የስሙ ጥበቃ ካገኘ በኋላ ዝናው ገነነ፤ የማረጋገጫው ወጪና ቢሮክራሲ ግን ብዙ ትናንሽ አምራቾችን ከስሙ ውጭ አስቀርቷል። ስለዚህ ከፋብሪካ ሕግ እንጀምር አልልም። በትንሹ እንጀምር እላለሁ፦ ጀሪካኑ ላይ አምስት ነገር ይጻፍ። ያወጣችው ማን ናት? የት? ከምን እህል? መቼ? ስንት ከመቶ? አምስቱንም ለመጻፍ የሚያስፈልገው አንድ ሃይድሮሜትርና አንድ እስክሪብቶ ነው። ሜታኖሉን መመርመር ግን የአንድ እናት ሥራ ሊሆን አይችልም። ዩኒቨርሲቲ ባለበት ከተማ፣ የተደራጁ አውጪዎች በየወቅቱ ናሙና የሚያስመረምሩበት መንገድ መፈለግ የእኛ የተመራማሪዎች የቤት ሥራ ነው።

እናንተስ? ሳትጠጡም አንድ ነገር ማድረግ ትችላላችሁ። ቀጥሎ አንድ ሰው በፊታችሁ "ይሄ አረቄ ጥሩ ነው" ሲል፣ "ማን አወጣችው?" ብላችሁ ጠይቁት። ስሟን የሚያውቅ ከሆነ ቀጥሉና እህሉን ጠይቁ። መልሱ "ኧረ እሳት ነው!" ብቻ ከሆነ ግን ስለ አረቄው ገና ምንም አልነገራችሁም።